ይዞራል እንጂ አይነሳም



ጣናን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ሐይቅ ነው» ይላል። ከባሕር ዳር ዳርቻ ቆሞ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው ግን የአገሬው ሕዝብ ለምን «ባሕር» እንደሚለው አይጠይቅም፤ ማዶው አይታይምና። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የተኛውም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ስፋቱን አይመስልም፤ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ጠባዩ የሕፃን ነው፤ ሲስቅ ቆይቶ ድንገት ያለቅሳል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነካው አጭርና ተደጋጋሚ ማዕበል ያነሳል። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት ተነስተው ረፋዱ ላይ የሚመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ጽሑፋችን ግን ስለ ሐይቁ ውበት ብቻ ልንተርክላችሁ አልተነሳንም። የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ከሰዓት በኋላ፣ ስለ አንድ የጀልባ ሞተርና ስለ አንድ ልጅ ነው። ሞተሩ ይዞራል፤ ግን አይነሳም። ልጁም ያውቃል፤ ግን አይናገርም። ሁለቱ ነገሮች ምን እንዳገናኛቸው እንደሚከተለው እናያለን።

ከዘጌ እስከ አባይ መውጫ

ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም. ነበር። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ፣ በሳምንቱ ቀናት ሳይንስ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመድረሳ የምናስተምራቸውን 11 ልጆች ይዘን ሐይቁን ልናሳያቸው ወጣን። ባልደረባችንን፣ እኛንና የጀልባውን ነጂ ጨምሮ 14 ነፍስ ነበርን። ጀልባዋ የብረት ስትሆን፣ ከኋላዋ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር ተንጠልጥሎባታል። ነጂው ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ሐይቁ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኛም እንዲሁ።

ጠዋት ወደ ዘጌ አቀናን። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ነዋሪው ከጥንት ጀምሮ በሬ ጠምዶ ከማረስ ይልቅ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና እያለማ ስለኖረ፣ ሌላው አገር ሲራቆት ዘጌ ደኑን ይዞ ቀርቷል። ልጆቹ በቡናው ጥላ ውስጥ ሲሮጡ አረፈዱ። ዙህርን ከዳርቻው ሰግደን፣ የያዝነውን ምሳ በልተን ተመለስን።

በመንገዳችን ላይ ታንኳዎች አየን። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ የጣና ጥንታዊ ጀልባ ነው። በሥራው ስመ ጥር የሆኑት ወይጦዎች፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሐይቁ ዳር የኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። በሞተር የሚሄዱ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎችና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንድ ድርጅቶች ድጋፍ በተጀመረ ፕሮጀክት ነው። ከዚያ በፊት ቆሮሶውም አምባዛውም ወደ ገበያ የሚደርሰው በታንኳ ነበር።

አባይ ከጣና ወደሚወጣበት፣ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አካባቢ ስንደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። እዚያ ጉማሬ አይጠፋም። ጋሼ ሞተሩን በቁልፍ አጠፉና «ዝም በሉ፣ ጆሮውን ታያላችሁ» አሉ። እውነትም ከደንገሉ አጠገብ ሁለት ጆሮዎች፣ ከዚያም አፍንጫ ብቅ አለ። ልጆቹ ሁሉ ባንድ ወገን ተደርድረው አዩ፤ ጀልባዋም ወደዚያው ዘመም አለች። «ተመለሱ! ተቀመጡ!» ብለን ጮህን፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ «ርርርር» አለና ዞረ። አልተነሳም። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ዞረ እንጂ አልተነሳም።

መልህቅ ይቅደም

እኛ ብንሆን ሦስተኛም አራተኛም እንሞክር ነበር። ጋሼ ግን ቁልፉን ተዉና ተነስተው መልህቁን ወረወሩ። ገመዱ ሁለት ክንድ ያህል ገብቶ ቆመ። «ሞተር ይደርሳል፤ መጀመሪያ ቦታችንን እንያዝ» አሉ።

በዚያ ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ ወደ አባይ እየሄደ ነው። ከመውጫው ላይም እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨራጨራ ግድብ አለ። በዚህ በኩል ደንገሉና ጉማሬው፣ በዚያ በኩል ወራጁ ውሃ፣ ከኋላ ደግሞ ሊነሳ የተቃረበው የከሰዓት ነፋስ። ሞተር የጠፋበት ጀልባ የሚሄደው ነጂው ወደሚፈልገው ሳይሆን ውሃው ወደሚፈልገው ነው።

ቀጥለው የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን አወጡ። ስንቆጥር 9 ናቸው። እኛ 14። ጠዋት ስንሳፈር ማናችንም አልቆጠርንም ነበር። ለዘጠኙ ታናናሽ ልጆች አለበስናቸው። ያለ ጃኬት የቀሩት ሁለቱ ተማሪዎች ወደ እኛ ሲመለከቱ፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማንን ለወላጅ መንገር ያስቸግራል። ሰውን ልጅ ተረክቦ ለሁሉም የሚበቃ ጃኬት መኖሩን ሳይቆጥር ውሃ ላይ የወጣ መምህር፣ ቁጣውን ከሌላ ሰው ላይ ማሳረፍ ይቀናዋል። እኛም ይህንኑ አደረግን። «ቤንዚኑን ከየት ገዛኸው ይባላል እንጂ!» አልን ለባልደረባችን፣ ጋሼ እንዲሰሙ።

በዚያ ሳምንት ማደያው ሰልፍ ስለነበረው ጋሼ ቤንዚኑን ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ በጀሪካን ገዝተው ነበርና፣ ሁላችንም በልባችን «ውሃ ቀላቅሎ የሸጠላቸው ነው» ብለን ፈረድን።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ጋሼ አልተቆጡም። ለባልንጀራቸው ስልክ ደወሉ፤ እሱ ግን መንገደኞች ይዞ ዘጌ ነው፤ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስልኩን ዘግተው ወደ ልጆቹ ዞሩና እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦

«ልጆች፣ ሞተር ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። ቁልፍ ስታዞር ጭራሽ ዝም ካለ ነገሩ ከባትሪው፣ ከሞተሪኖው ወይም ከሽቦው ነው። ማርሹ ገብቶ ከሆነም እንዲሁ ዝም ሊል ይችላል። ከዞረና ካልተነሳ ግን ባትሪውም ሞተሪኖውም ሥራቸውን ሠርተዋል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ቤንዚን ደርሷል ወይ? እሳት አለ ወይ? አየር ገብቷል ወይ? እነዚህ ሦስቱ ከተገናኙ የማይነሳ ሞተር ጥቂት ነው።»

እኛ በክፍል ውስጥ ስለ መቃጠል ስናስተምር ይህንኑ በሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። እንዲህ አጥርተን ያስረዳንበትን ቀን ግን አናስታውስም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቤንዚኑ ነበር። ጋሼ የታንኩን ክዳን አዩ። በክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ብሎን አለ። እሱ ከተዘጋ ቤንዚኑ ሲጎድል አየር ስለማይተካው ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ሞተሩም ተጠምቶ ይቆማል። ብሎኑ ክፍት ነበር። ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ መሐል ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ፓምፕ አለው። እስኪጠነክር ድረስ በእጃቸው ጨመቁት፤ ጠነከረ። ይህ ማለት ቤንዚኑ እስከ ካርቡራተሩ ድረስ ሄዷል ማለት ነው።

ከዚያ ያቺን የጠረጠርናትን ቤንዚን በባዶ የሃይላንድ ላስቲክ ቀድተው ለአንድ ልጅ አስያዙትና «ሳትነቀንቃት ተመልከታት» አሉ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ቢኖር ኖሮ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከታች ይረጋል፤ በመሐላቸውም መስመር ይታያል። ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ። መስመር የለም። ቤንዚኑ ንጹሕ ነበር።

ያን ቸርቻሪ በስም አናውቀውም። ሳናጣራ ግን በልባችን ሌባ አድርገነው ነበር። ዛሬም እዚያ ቆሞ ይሸጥ እንደሆነ አናውቅም፤ ባናገኘውም ዕዳው ከእኛ ላይ ነው።

በዚህ መሐል ባልደረባችን ትዕግሥት አጥቶ ቾኩን ስቦ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ጋሼ እጁን ያዙት። «ከ5 ሰከንድ በላይ አታዙር፤ ካዞርክም አሳርፈው። ሞተሪኖው ይግላል፣ ባትሪው ይሞታል። ይባስ ብሎም ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣና ይታፈናል።» እውነትም የቤንዚን ሽታ ጀልባዋን ሞላት።

እዚህ ላይ ለአንባቢያን አንድ ነገር እናስታውስ። ጣና ባለበት ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ያላስተካከሉት እንደሆነ፣ እዚህ ሲመጣ የሚሰጠው ቤንዚን ያው ሆኖ የሚያገኘው አየር ግን ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ቾክ ሲበዛበትም ቶሎ ይታፈናል። መመሪያው መጽሐፍ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው፤ ባሕር ዳር ላለ ሰው አይደለም።

ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይሞቱም

ሁለተኛው ጥያቄ እሳት ነው። ጋሼ የታንኩን ክዳን አጥብቀው ዘጉ፤ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ሽታው በነፋስ እስኪወጣ ጥቂት ጠበቁ። ቤንዚን በሚሸትበት ጀልባ ላይ ብልጭታ መፈተን ቀልድ አይደለምና። የሞተሩን ክዳን አንስተው ካንዴላዎቹን በካንዴላ ቁልፍ ፈቱ። ሞተሩ ሁለት ሲሊንደር ስላለው ካንዴላውም ሁለት ነው። ሁለቱም በቤንዚን ርሰዋል።

«ካንዴላ» በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ሞተሪኖም ካቻቢቴም ፒንሳም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ የነበረው ጣሊያን ሄደ፤ ቃላቱ ግን በጋራዦቻችን ቀሩ። ለልጆቹ ይህን ስንነግራቸው ከፍርሃታቸው ጥቂት ፈገግ አሉ።

ጋሼ አንዱን ካንዴላ አድርቀው ከሽቦው ጋር አገናኙ። እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ይዘው ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ፤ ከቀዳዳውም አራቅ አደረጉት። «አሁን አዙር።» ጤነኛ ሞተር ቢሆን ሰማያዊ ብልጭታ ጠሽ ጠሽ ይላል። ምንም የለም። ሁለተኛውን ሞከሩ። ምንም። ከሳጥናቸው አዲስ ካንዴላ አወጡ። እሱም ምንም።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከታንኳው ላይ ሆኖ ወደ እኛ ተጠጋ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ወደ ሰሜን ተመልክቶ «ነፋሱ ብዙ አይቆይም፤ ከመጣ ወደ ደንገሉ ይገፋችኋል» አለ። እሱ ሊጎትተን አይችልም፤ ግን አልሄደም። ጋሼ ካንዴላውን ሲያደርቁ ቆሞ ሲያይ ቆየና «የእኔም ታንኳ እንዲሁ ናት፤ ውሃ ስትጠጣ ትከብዳለች። አውጥቼ ፀሐይ ላይ አደርቃታለሁ እንጂ አልመታትም» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ነገሩ ወደ ማን እንደሚያመራ ገና አልገባንም ነበር።

ጋሼ ተቀምጠው ማሰብ ያዙ። ከዚያም ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፦ «አንድ ካንዴላ ይሞታል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይሞቱም። አዲሱም አብሯቸው አይሞትም። ስለዚህ ሕመሙ ከካንዴላው አይደለም፤ ሁሉንም ከሚያገናኛቸው ነው። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?»

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ጉድለት ባንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ሲታይ፣ እያንዳንዱን ከመውቀስ በፊት የጋራቸው የሆነውን መፈለግ ብልህነት ነው። አንድ ተማሪ ፈተና ቢወድቅ ተማሪውን እንጠይቃለን፤ ክፍሉ ሁሉ ቢወድቅ ግን መምህሩን መጠየቅ ይገባል። ይህን እያሰብን ሳለ ከልጆቹ መሐል አንዱ አንገቱን ደፍቶ መቀመጡን አየን።

ከኪስ የወጣው

የ12 ዓመት ልጅ ነው። ጠዋት ስንነሳ የማርሹን እጀታ ነክቶ አግኝተነው በጓደኞቹ ፊት ክፉኛ ተቆጥተነው ነበር። «ሁለተኛ እጅህን ከሞተሩ አጠገብ ባይ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ጉዞ አትሄድም» ነበር ያልነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዋለ።

ልንጮህበት አፋችንን ስንከፍት ጋሼ ቀደሙን። ወደ ልጁ አልሄዱም። ካሉበት ሆነው ለሁሉም፦ «ልጆቼ፣ እኔ አንድ ጊዜ የቤንዚኑን ጎማ ሳልሰካ ግማሽ ቀን ሞተር ስፈታ ውያለሁ። ማንም ያላሳተ የለም። አሁን የሆነውን የሚነግረኝ ልጅ ካለ፣ ከእኔ ጋር አብሮ ሞተር ያስነሳል» አሉ።

ልጁ እጁን ከኪሱ አወጣ። መዳፉ ላይ ቀይ ጥምዝ ገመድ የታሰረባት ትንሽ የፕላስቲክ መቆንጠጫ አለች።

ጋሼ ግንባራቸውን መቱ። «ያ ረቢ! የማጥፊያው ገመድ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጀልባ ሞተር መቆጣጠሪያ ላይ አንድ ማጥፊያ ይኖራል። በእሱ ላይ መቆንጠጫዋ ትሰካለች፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ በነጂው እጅ ወይም ልብስ ላይ ይታሰራል። ነጂው ድንገት ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ መቆንጠጫዋን ይነቅላታል፤ እሳቱ ይቋረጣል፤ ሞተሩም ወዲያው ይጠፋል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ጀልባዋ ነጂ አልባ ሆና መንገደኞቹን ይዛ ትበራለች፤ አልያም ዞራ የወደቀውን ሰው በዘዋሪው ትመታዋለች። በብዙ ሞተሮች ላይ መቆንጠጫዋ ስትነቀል ሞተሪኖው እንደ ወትሮው ያዞራል፤ ብልጭታ ግን በየትኛውም ካንዴላ አይኖርም። ይዞራል እንጂ አይነሳም ማለት ይኸው ነው።

ጋሼ ገመዱን በእጃቸው አስረው አያውቁም። ከማጥፊያው ላይ ተሰክቶ፣ ከመቆጣጠሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ዓመታት አልፈውታል። ሁልጊዜ ያለ ነገር ደግሞ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ መጥፋቱም እንዲሁ። ልጆቹ ጉማሬ ሊያዩ ሲጋፉ የልጁ እጅጌ ገመዱን ያዘው፤ መቆንጠጫዋ ተነቅላ ከወለሉ ወደቀች። አነሳት። ሊመልሳት ፈለገ፤ ግን እጁን ከሞተሩ አጠገብ ብናየው ምን እንደምንለው ያውቃል። «ተመለሱ! ተቀመጡ!» ብለን ስንጮህም ኪሱ ውስጥ ከተታት። ከዚያ በኋላ በየደቂቃው ቁጣችን ሲጨምር የእሱም ዝምታ ጨመረ። አርባ ደቂቃ ያህል መፍትሔው ከእኛ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ በአንድ ልጅ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ የቆለፈበት የእኛው ምላስ ነው።

ጋሼ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው መቆንጠጫዋን ራሱ እንዲሰካት አደረጉ። ከዚያም ቸኩለው ቁልፍ አላዞሩም፤ ሞተሩ ገና እንደታፈነ ነውና። ካንዴላዎቹን በጨርቅ አደረቁ። በካንዴላው ቀዳዳ የተጠራቀመው ቤንዚን እንዲወጣ፣ መቆንጠጫዋን ለጊዜው አስነቅለው ብልጭታ በሌለበት ለአፍታ አዞሩት። ለካ የማያስነሳው ነገር በቦታው ሲሆን ይጠቅማል! አሥር ደቂቃ አሳረፉት፤ የደከመው ባትሪም ጥቂት ነፍስ ዘራ። ካንዴላዎቹን መልሰው አሠሩ። መቆንጠጫዋ ገባች። ቾክ የለም፤ የቤንዚን እጀታው ግን ከፈት ብሏል። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ የታፈነ ሞተር የሚሻው አየር ነው።

«ቢስሚላህ በል» አሉት ልጁን፤ ቁልፉን ያዞረው እሱ ነው።

በመጀመሪያው አልተነሳም። በሁለተኛው አንድ ጊዜ ሳል አለና ቆመ። በሦስተኛው ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። የልጆቹን ጩኸት ጉማሬው ሰምቶት መሆን አለበት፤ ጆሮዎቹ ጠለቁ። ባለ ታንኳው እጁን አንስቶ ተሰናበተንና ወደ ደንገሉ ሄደ። ነፋሱ መጣ፤ እኛ ግን መልህቃችንን አንስተን ወደ ከተማው ዞረን ነበር።

ለመንገደኞችና ለባለ ጀልባዎች

ከዚያ ቀን ወዲህ የጻፍናትን ማስታወሻ ብዙዎች እንዲጠቀሙባት እዚህ እናስፍራት።

አንደኛ፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ጃኬቱን ቁጠሩ። ከሰዎቹ ካነሰ አትሳፈሩ፤ «ቅርብ ነው» የሚለውን አትስሙ።

ሁለተኛ፦ ሞተር ከጠፋ መጀመሪያ መልህቅ፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ከዚያ መፍቻ።

ሦስተኛ፦ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት በዓይን የሚታየውን ጨርሱ። የማጥፊያው መቆንጠጫ ገብቷል? ማርሹ ዜሮ ላይ ነው? የታንኩ መተንፈሻ ክፍት ነው? ጎማው ተሰክቷል? ታንኩስ ቤንዚን አለው?

አራተኛ፦ አንድ ነገር ለውጡና ሞክሩ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከለወጣችሁ የትኛው እንደፈወሰው አታውቁም።

አምስተኛ፦ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ፣ ልኩን ከሞተሩ መመሪያ ውሰዱ እንጂ በግምት አትሥሩ። ዘይት ሲበዛ ካንዴላውን ያበላሻል፤ ሲያንስ ሞተሩን ይበላዋል።

ስድስተኛ፦ ትላልቆቹ ጀልባዎች ብዙ ጊዜ በናፍጣ ነው የሚሠሩት። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ የሚያቃጥለው አየሩን በኃይል በመጭመቅ ነው። እሱ ዞሮ ካልተነሳ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ናፍጣው ነው፦ ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ውሃ ገብቶ ወይም መስመሩ አየር ይዞ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ አልቆበት የተሞላ ሞተር አየሩ እስኪወጣ አይነሳም።

ሰባተኛ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እንቦጭ አረም ለሞተርም ጠላት ነው። ዘዋሪውን ይጠመጥማል፤ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ ይደፍናል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ማቀዝቀዣ ውሃው ከጎኑ ሲተፋ ማየት ልማድ ይሁናችሁ።

ስምንተኛውን ለወላጆችና ለመምህራን እንተወዋለን። ወደብ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዐስርን ከዳርቻው ሰገድን። ከዚያ ልጁን ለብቻው ጠራነው። ሊመጣ የፈራው እንደ ጠዋቱ መስሎት ነው። በጓደኞቹ ፊት ተቆጥተነው ነበርና በጓደኞቹ ፊት መልሰን ወሰድነውና «አፉ በለን» አልነው። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «አፉ ብያለሁ ኡስታዝ» አለና ወደ ጀልባዋ ዞሮ አየ። ጋሼ ቀዩን ገመድ በቀኝ እጃቸው ላይ አስረው ጀልባዋን ወደ ማደሪያዋ ሊወስዱ ተነስተው ነበር። እጃቸውን ከፍ አድርገው ገመዱን አሳዩት።

አላህ መንገዳችሁን ሁሉ የሰላም ያድርግላችሁ። ወሰላም።